ለሙዚቃ መስሪያ አፕ ሎጎ እንዴት ይሰራል፦ ከወረቀት እስከ ፕሌይ ስቶር

ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ ቢት መስሪያ አፖችን ፈልጉና ስሙን ሳታነቡ አይከኑን ብቻ እዩ። ኖታ፣ ሄድፎን፣ ማይክ፣ የድምጽ ሞገድ፣ ከኋላው ደግሞ ከወይን ጠጅ ወደ ሮዝ የሚሄድ ባክግራውንድ። አስሩን ደርድረው የቱ የማን ነው ቢሏችሁ አትመልሱም። አንድ ልጅ አፑን ሰርቶ ጨርሶ "ሎጎ ስራልኝ" ሲላችሁ ግን እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዛችው ኖታ ነው፣ የኔም እዛው ነው የሄደው፣ ስለዚህ ከዛ እንዴት እንደምትወጡ ነው የምጽፈው።

በወሬ እንዳይቀር አንድ አፕ ይዘን እንሂድ። በስልክ ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ እየደራረቡ ቢት የሚሰሩበት አፕ ነው እንበል፣ ተጠቃሚው መጀመሪያ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይ አንቺሆዬ ብሎ ይመርጣል፣ ከዛ በኋላ የነካው ሁሉ ከመረጠው አይወጣም። ስሙን "ቅኝት" እንበለው፣ ለመለማመጃ ያህል ነው።

1. መጀመሪያ ግሱን ፈልጉ

አፑ ውስጥ ሰው በጣቱ ምንድነው የሚያደርገው? በአንድ አረፍተ ነገር ጻፉትና ግሱ ላይ አስምሩ። "ሙዚቃ" ስም ነው፣ ስሙን ስትስሉት ኖታ ይሆንባችኋል። "ይጎትታል"፣ "ይደራርባል"፣ "ይቃኛል" ስትሉ ግን እጅ አለበት፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አለበት፣ እሱን ስትስሉ ሌላ ነገር ይመጣል።

የማዳመጫ አፕና የመስሪያ አፕ ሎጎ የሚለያዩትም እዚህ ጋ ነው። ስፖቲፋይን እዩት፣ አረንጓዴ ክብ ውስጥ ሶስት ጎበጥ ያሉ መስመሮች፣ ለኔ ድምጽ ከሆነ ቦታ ወጥቶ ወደ ሰው ሲመጣ ነው የሚመስለኝ፣ ለሚያዳምጥ ሰው ልክ ነው። ኤብልተን የሚባለው የሙዚቃ መስሪያ ሶፍትዌር ግን ቁም መስመሮችና አግድም መስመሮች ጎን ለጎን ነው፣ በቃ ሌላ ምንም የለም፣ ሶፍትዌሩን ከፍቶ የሰራ ሰው ግን ሲያያት የሚደረደሩት ትራኮች ይታዩታል። ሌላው የሙዚቃ መስሪያ ኤፍኤል ስቱዲዮ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1997 ሲጀመር ፍሩቲሉፕስ ነበር ስሙ፣ ስሙ ተቀየረ ፍሬው ግን ሎጎው ላይ ቀረ፣ ሙዚቃ የሚመስል ነገር የለበትም ግን ስቱዲዮ የሚውል ልጅ ከሩቅ ይለየዋል። ፍሬ ሳሉ እያልኩ አይደለም፣ ሙዚቃን የግድ መሳል የለባችሁም ለማለት ነው።

ለኛ አፕ ግሱ "ይቃኛል" ነው። ይቺን ቃል ወረቀቱ አናት ላይ ጻፏትና አትርሷት፣ ኋላ ትመለሳለች።

2. ወረቀትና ቢክ፣ ላፕቶፕ የለም

ወረቀት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክሉ 30 ካሬዎች ስሩ። ትልቅ አትስሩ፣ አይከኑ ስልክ ላይ የሚታየው ከዛ ብዙም በማይበልጥ መጠን ስለሆነ። እርሳስም አልወድም፣ እርሳስ ሲሆን ሰው ጥቃቅን ነገር ማስገባት ይጀምራል፣ ወፍራም ቢክ ግን እሺ አይልም፣ ያልሆነውን ራሱ ይጥልላችኋል። የመጀመሪያዎቹን አስር ካሬዎች ኖታውን፣ ሄድፎኑን፣ ማይኩን ሳሉባቸውና ይውጣላችሁ። ጥሩው ነገር ብዙ ጊዜ ከ15ኛው በኋላ ነው የሚመጣው፣ ሃሳብ ያለቀባችሁ ሲመስላችሁ።

የኛ ሰው ከኖታ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ክራር ነው። አንዴ ለአንድ ደንበኛ ክራር ሳልኩለት፣ ስድስቱም ክር ያለበት፣ ቀንበሩ ላይ መቃኛዎቹ ሁሉ የሚታዩ፣ ዙሪያውን ደግሞ ጥለት አዞርኩበት፣ ላፕቶፕ ላይ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ሰውየውም ወደደው፣ ከፈለኝ፣ ተለያየን። ከሳምንት በኋላ ስልኩ ላይ የተጫነውን ስክሪንሹት አንስቶ ላከልኝ፦ ማበጠሪያ ነው የሚመስለው። ጥለቱ ደግሞ ቆሻሻ የነካው ይመስላል። ብሩን አልመለስኩም ግን በነጻ ከዜሮ ጀምሬ ሰራሁለት።

ማሲንቆስ? ባለ አንድ ክር ስለሆነች ትሻላለች ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፣ እኔም አስቤ ነበር። ግን ሳጥኗ በአንግሏ ቆማ ረጅም አንገት ሲወጣላት በትንሹ የመንገድ ምልክት ሆና ቁጭ ትላለች። ከበሮ ብዙ ጊዜ በርሜል ይሆናል። ዋሽንት ዱላ ነው በቃ።

በገናን ደግሞ እኔ አልነካውም። አስሩ አውታር በትንሹ አይታይም፣ ያንን እንኳ ብንተወው ሰው በገናን የሚያውቀው ከጸሎትና ከዐቢይ ጾም ጋር ነው፣ ጭፈራ የሚሰራበት አፕ ላይ ለጥፋችሁት ኮመንት ላይ ከሚመጣባችሁ ነገር እግዜር ይጠብቃችሁ። የያሬድ ዜማ ምልክቶችም እንደዛው ናቸው፣ ድፋትና ርክርክ ለዲዛይነር የሚያጓጓ ቅርጽ አላቸው፣ አፑ ራሱ ዜማ ማስተማሪያ ካልሆነ ግን ባሉበት ቢቀመጡ ይሻላል።

3. ፊደሉን እዩት

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል ምክንያቱም ሎጎው የተገኘው እዚህ ነው። "ቀ"ን በቢክ ጻፏት። ቁም መስመር፣ መሃሉ ላይ ክብ። አሁን ፊደል መሆኗን እርሱትና የስቱዲዮ ሚክሰር አስቡ፣ ድምጽ ከፍና ዝቅ የሚደረግበት ፌደሩ ምን ይመስላል? ቁም መስመር፣ ላዩ ላይ የሚንሸራተት ነገር። አንድ ናቸው! ክቧን ወደ ላይ ገፋ ብታደርጓት ድምጹ የጨመረ ይመስላል፣ ብታወርዷት የቀነሰ። "ቅ" ላይ ደግሞ አናቷ ላይ የምትሰበረዋ ቁራጭ አለች፣ እሷ ባትኖር "ቀ" ሆና ትነበባለች፣ ስለዚህ አትጣሏት፣ የክራር መቃኛም ትመስላለች በዛ ላይ። መጀመሪያ የጻፍናት ግስ መጣች ማለት ነው፣ ይቃኛል።

የሚገርመው ፊደል የማያነብ ሰውም አይቸገርም። ዋሽንግተን ወይ ቴላቪቭ ተወልዶ አማርኛ እየሰማ ፊደል ግን ያልቆጠረ ልጅ ስንት አለ፣ ለሱ ፌደር ናት፣ ላነበበው ደግሞ "ቅ" ናት፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። የራሳችሁን አፕ ስም መጀመሪያ ፊደል እንደዚህ አድርጋችሁ ፈትሹ። "በ" ከበር ትመሳሰላለች፣ "ወ" ሁለት የተጋጠሙ ክቦች ናት፣ "ሀ" ጽዋ ናት፣ ሁሉም ስም እድለኛ አይሆንም ግን አስር ደቂቃ አትጠፋም።

ከዛ ስግብግብ ሆንኩ። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምጽ ነው ያለው፣ ስለዚህ አምስት ፌደር ልደርድር፣ የክቦቹን ከፍታ ደግሞ ዝም ብዬ ሳይሆን በድምጾቹ ርቀት ላድርገው አልኩ። ትዝታ ሜጀርን ፒያኖ ላይ ብትቆጥሩት ጥቁሩንም ነጩንም እየቆጠራችሁ ከመነሻው 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ነው የሚሄደው፣ አንቺሆዬ ደግሞ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9። በጣም ደስ የሚል ሃሳብ ነው፣ ሳልኩት፣ ለጓደኛዬ አሳየሁት፣ "ኔትወርክ ሲኖር ብቻ ነው እንዴ የሚሰራው?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚወጣ መስመር የሲግናል ምልክት ነው። ቅደም ተከተሉን እንደ አጭር ዜማ አዘበራርቄ 4፣ 7፣ 9፣ 2፣ 0 ሳደርገው ኔትወርክነቱ ለቀቀው፣ ግን አምስት መስመር ለአይከን አሁንም ብዙ ነው፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ በቁጥር ታዩታላችሁ። መጨረሻ ላይ የወሰንኩት አይከኑ ላይ አንዷ "ቅ" ብቻ እንድትሆን፣ አምስቱ ደግሞ አፑ ሲከፈት ለአፍታ በሚመጣው ስክሪን ላይ እንዲታዩ ነው። እዛ ቦታ አለ፣ ተጠቃሚው ትዝታን ከመረጠ ክቦቹ በትዝታ፣ አንቺሆዬን ከመረጠ በአንቺሆዬ ይቆማሉ። ጥሩ ሃሳብ ሲመጣ ሁሉንም አይከኑ ውስጥ ካልጨመርኩ አትበሉ፣ ሌላ ቦታ ስጡት።

4. አሁን ላፕቶፑን ክፈቱ

በቬክተር ነው የሚሰራው፣ ፎቶሾፕ ላይ አትጀምሩ። ቬክተር ስትሰሩ ያው አንዱ ፋይል ለስልክም ለቲሸርትም ለቢልቦርድም ሳይደበዝዝ ይሄዳል። ኢሉስትሬተር ያለው ይጠቀም፣ የሌለው ኢንክስኬፕ ነጻ ነው፣ አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔትም አይፈልግም፣ ፊግማም ብሮውዘር ላይ ይሰራል ግን ኔት ሲቆራረጥ ያናድዳል።

1080 በ1080 ፒክስል የሆነ ካንቫስ ክፈቱ። ለምን 1080? አንድሮይድ ከ8ኛው ቨርዥን፣ ማለትም እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ፣ አይከኑን ሁለት ሌየር አድርጋችሁ እንድታቀርቡ ነው የሚፈልገው፣ ከፊት ቅርጹ ከኋላ ባክግራውንዱ፣ ሁለቱም 108 በ108 ዲፒ (አንድሮይድ የስክሪን መጠን የሚለካበት አሃድ ነው)። ከዛ ስልኩ እንደ አመሉ ይቆርጠዋል፣ አንዱ ክብ ያደርገዋል፣ ሌላው ጥጉ የለሰለሰ ካሬ። ከ108ቱ የሚታየው መሃል ያለው 72 ብቻ ነው፣ በምንም አይነት የማይቆረጠው ደግሞ 66 ዲፒ ስፋት ያለው ክብ ነው። ካንቫሳችሁ 1080 ከሆነ ሂሳቡ ይቀላል፣ በ10 ማባዛት ነው፣ ስለዚህ መሃል ላይ 660 ፒክስል ስፋት ያለው ክብ በቀጭን መስመር አስምሩና ቅርጻችሁ ከሱ እንዳይወጣ። ከ660 ውጪ ያለው ለባክግራውንድ ብቻ ነው። ቴሌግራም ቻናል ላይ ስትለጥፉትም በክብ ስለሚቆረጥ ይሄው ልምድ ይጠቅማችኋል።

ውፍረት። ስልክ ላይ አይከኑ 48 ዲፒ አካባቢ ሆኖ ሲታይ ካንቫሱ ላይ ያለው 15 ፒክስል 1 ዲፒ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ 20 ፒክስል የሆነ ቆንጆ ቀጭን መስመር ከሳላችሁ እዛ ሲደርስ ጸጉር ሆነ ማለት ነው። እኔ ከ60 ፒክስል በታች አልወርድም፣ በሁለት ቅርጽ መሃል ያለው ክፍተትም እንደዛው። አሁን አምስቱን ፌደር አስሉት፦ አምስት መስመር በ60፣ አራት ክፍተት በ60፣ 540 ፒክስል በላ፣ ክቦቹ ደግሞ ከመስመሩ ካልሰፉ ክብ መሆናቸው አይታይም፣ ሲሰፉ ይነካካሉ። አልገባም። ቀላል ሂሳብ ነው ግን ሳይሰራ ስንት ሰው ሶስት ቀን ያቃጥላል።

ለ"ቅ" የተጠቀምኩት ቁመቱ 560፣ የመስመሩ ውፍረት 80፣ ክቧ ደግሞ ውጪዋ 320 ሆና ውስጧ ሙሉ ነው። ፎንት ላይ ያለችው "ቅ" ክቧ ባዶ ናት መስመሩም መሃሏን ያቋርጣል፣ እኔ ሞላኋት፣ ያኔ ነው ፌደር የመሰለችው። ክቧን ከመሃል ወደ ላይ 40 ፒክስል ከፍ አደረኳት፣ ልክ አንድ ሰው አሁን ገፋ አድርጎ እጁን ያነሳ እንዲመስል። ከ40 በላይ ሲሆን ግን ፊደልነቷ ይጠፋል፣ ሞክሬዋለሁ፣ ሎሊፖፕ ትሆናለች።

ሲያልቅ መስመሮቹን ሁሉ ወደ ቅርጽ ቀይሯቸው፣ ኢንክስኬፕ ላይ ፓዝ የሚለው ሜኑ ውስጥ አለ። ካልቀየራችሁ መጠኑን ስታሳንሱት ውፍረቱ ባለበት ሊቀር ይችላል፣ ያኔ ሎጎው ሌላ ፍጡር ይሆናል።

5. ቀለም

መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ ጨርሱት። በጥቁርና ነጭ ያልሰራ ሎጎ በቀለም አይድንም።

"አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አድርግልኝ" የሚል ደንበኛ ይመጣል፣ ሁሌም ይመጣል። ፍቅሩ ይገባኛል፣ ግን ሙዚቃ ላይ ሶስቱ ቀለም አንድ ላይ ሲሆኑ ውጪ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሬጌ ነው፣ አፑን ከፍቶ ትዝታ ሲሰማ ግራ ይገባዋል። ይሄን ቀስ ብላችሁ አስረዱት፣ አብዛኛው ይረዳል።

እኔ የመረጥኩት ሁለት ነው። ባክግራውንዱ ወደ ጥቁር የሚጠጋ ሰማያዊ፣ በአርጂቢ (የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን በቁጥር) 24፣ 22፣ 38፣ ፊደሏ ደግሞ የጠጅ ቢጫ፣ 255፣ 179፣ 0። ሁለቱ መሃል ያለው ንፅፅር ወደ 10 ለ 1 ይጠጋል፣ ለአይከን የሚባለው ዝቅተኛ 3 ለ 1 ነው፣ ስለዚህ ጸሃይ ላይም ብራይትነሱ በተቀነሰ ስልክም ላይ ትታያለች። ግራዲየንት፣ ማለትም ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ቀስ እያለ የሚሄድ ቀለም፣ አላደረኩም፣ ከፈለጋችሁ ባክግራውንዱ ላይ ብቻ ትንሽ፣ ፊደሏ ላይ ግን አታድርጉ።

አንድ ሰው የሚረሳው ነገር፦ ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ስልኩ አይከኑን በራሱ ቀለም እንዲቀባው ተጠቃሚው መምረጥ ይችላል፣ አይፎንም ከአይኦኤስ 18 ጀምሮ ጨለማና ባለ አንድ ቀለም አይነት አለው። ማለት ቀለማችሁን ሊነጥቋችሁ ይችላሉ። ለዚህ ባለ አንድ ቀለም ቅጂ ለብቻ አዘጋጁ፣ ቅርጹ ብቻውን መቆም ከቻለ ምንም አትሆኑም።

6. ስሙን ከጎኑ ስትጽፉ

አይከኑና ሎጎው አንድ አይደሉም። አይከኑ ካሬ ውስጥ የምትገባዋ ናት፣ ሎጎው ፖስተር ላይ ስሙን ጨምሮ የሚሄደው ነው። አይከን ላይ ስም አትጻፉ፣ ስልኩ ከስሩ ይጽፈዋል።

ለአማርኛው ፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጥሩ መነሻ ነው፣ ነጻ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል፣ ብዙ አይነት ውፍረትም አለው። እንዳለ ግን አትለጥፉት። "ቅኝት" ብላችሁ ጻፉና ወደ ቅርጽ ቀይሩ፣ የመጀመሪያዋን "ቅ" አውጥታችሁ የራሳችሁን ተኩባት፣ ከዛ "ኝ" እና "ት" ከሷ ጋ እንዲሄዱ ውፍረታቸውን አስተካክሉ። በፊደሎቹ መሃል ያለውን ርቀት በአይን ነው የምታስተካክሉት፣ የግዕዝ ፊደል ስፋቱ ስለሚለያይ በቁጥር እኩል ያደረጋችሁት በአይን እኩል አይመስልም። ወረቀቱን ገልብጣችሁ ብታዩት ቶሎ ይታያችኋል። ወደ ቅርጽ መቀየሩ ሌላም ጥቅም አለው፣ ማተሚያ ቤት ስትልኩት ፎንቱ ኮምፒውተራቸው ላይ ከሌለ ስማችሁ ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ይታተማል።

7. ፈትኑት

ሶስት ነገር አድርጉ። የራሳችሁ ስልክ ስክሪን ላይ ከሌሎች አፖች መሃል አስቀምጡትና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ቆማችሁ እዩት፣ ታየ? ከዛ ርካሽ ስልክ፣ በተለይ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ካገኛችሁ እሰየው፣ እዛ ላይ እዩት፣ ምክንያቱም ብዙው ተጠቃሚ እሱን ነው የያዘው። ሶስተኛው የምወደው ነው፣ ለአንድ ሰው ሶስት ሰከንድ አሳዩትና ስልኩን ደብቃችሁ "ሳልልኝ" በሉት። የሳለው ነገር የናንተን ከመሰለ አልቋል። እኔ ለአምስት ሰው አሳይቼ አራቱ መስመርና ክብ ሳሉ፣ አንዷ ደግሞ ቁልፍ ሳለች፣ እውነትም ቁልፍ ትመስላለች ትንሽ፣ አናቷ ላይ ያለችውን ቁራጭ ረዘም ሳደርጋት ተሻለ።

"እንዴት ነው?" ብላችሁ ግን አትጠይቁ። "አሪፍ ነው" ነው የሚሏችሁ፣ ሰው ፊት ለፊት አይናገርም።

8. ኤክስፖርት

ለፕሌይ ስቶር 512 በ512 ፒኤንጂ፣ ከ1 ሜጋ ያልበለጠ፣ ሙሉ ካሬ ሆኖ፣ ጥጉን ጎግል ራሱ ያለሰልሰዋል። ከላይ ለሚመጣው ሰፊ ምስል 1024 በ500። ለአፕ ስቶር 1024 በ1024፣ ትራንስፓረንት ያልሆነ፣ እዛም ጥጉን እናንተ አትቁረጡ። ለአንድሮይዱ ሁለቱን ሌየር ለየብቻ፣ ባለ አንድ ቀለሙን ጨምራችሁ፣ ለዴቨሎፐሩ በኤስቪጂ (የቬክተር ፋይል አይነት ነው) ስጡት።

የኖቲፊኬሽን አይከኑን ደግሞ አትርሱ፣ 24 ዲፒ ነው፣ አንድሮይድ ቀለሙን ጥሎ ቅርጹን ብቻ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ ነጭ ቅርጽ በትራንስፓረንት ባክግራውንድ መሆን አለበት። ዴቨሎፐሩ ቸኩሎ ዋናውን አይከን ካስገባው ተጠቃሚው ኖቲፊኬሽን በመጣ ቁጥር ድፍን ካሬ ነው የሚያየው።

9. ከመልቀቃችሁ በፊት

ጎግል ላይ ምስሉን ጭናችሁ የሚመስለው ካለ ፈልጉ። ከካንቫ ወይ ከሌላ ቦታ ዝግጁ አይከን ወስዳችሁ ከሆነ እሱን ለብቻዬ የኔ ነው ብላችሁ በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ አትችሉም፣ ማንም ያንኑ ሊጠቀም ስለሚችል፣ ከዜሮ የሳላችሁት ጥቅሙ እዚህ ይታያል። ሃገር ውስጥ ምዝገባው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፣ በአዋጅ 501/1998፣ አንዴ ሲመዘገብ 7 አመት ይቆያል፣ ከዛ ይታደሳል። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በምድብ በምድብ ነው፣ የሚወርድ ሶፍትዌር ምድቡ 9 ነው። ለሌላ ሰው ከሆነ የሰራችሁት ሎጎው የማን እንደሚሆን ከክፍያው በፊት በወረቀት ጻፉ፣ አንድ ገጽም ቢሆን፣ ጓደኛም ቢሆን። ዋናውን የቬክተር ፋይል ሁለት ቦታ ሴቭ አድርጉት፣ አንዱ ፍላሽ ላይ አንዱ ኦንላይን፣ የፋይሉን ስም ደግሞ "የመጨረሻው አዲሱ 3" አትበሉት፣ ቀን ጻፉበት።